አንኮበርን ያነሷት ሰዎች ትዝታ

ፎቶግራፍ አንሺዎችና አርት ዳይሬክተሮች ያለፈ ሥራቸውን ሲያወጉ ጨዋታው ብዙ ጊዜ እንደ ቡና ወሬ ይታለፋል። ጉም ድንገት መጥቶ ገደሉን እንደሸፈነው፣ ለቀረጻ የመጣው ፈረስ እንደበረገገ፣ ካባው ከማን ቤት እንደተዋሱት፣ ሽማግሌው «አልነሳም» ብለው ቆይተው በመጨረሻ ለምን እሺ እንዳሉ ይወራል፤ ይሳቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ፎቶው ግድግዳ ላይ ወይም መጽሔት ውስጥ ይቀራል፤ ወሬው ይጠፋል። እኔ የምከራከረው ይህ የሚጠፋው ነገር ከፎቶው እኩል መቀመጥ ያለበት ሰነድ ነው ብዬ ነው። ማን እንዳነሳ፣ ማን እንደተነሳ፣ ማን ልብሱን እንደመረጠና ቦታውን እንደወሰነ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደከለከለ ካልታወቀ፣ ከጊዜ በኋላ ፎቶውን የሚያገኘው ሰው የራሱን ተረት ይለጥፍበታል። ሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ደብረ ብርሃንና አንኮበር፣ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ይሰጣሉ። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ የውጭ ሰው ሲስላቸውና ሲያነሳቸው ኖሯል፤ ከዚያ ሁሉ ምስል ዛሬ የምንረዳው ግን ሠሪው ስለ ሥራው ጽፎ የተወልንን ያህል ብቻ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1839 የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ ፓሪስ ላይ ለዓለም ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚሲዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ አንኮበር ገቡ። ካሜራ ግን አብሯቸው አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1841፣ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስም የያዘው የምስል ባለሙያ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። ሃሪስ በ1844 ስለ ጉዞው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በርናትዝ ደግሞ ሥዕሎቹን በ1852 ለንደን ላይ አወጣ። የሃሪስ አጻጻፍ ማጋነን ይበዛበታል ተብሎ ገና በዘመኑ ተተችቷል። በዚያው ሰሞን ሸዋ የነበረውና ለሃሪስ ብዙም ፍቅር ያልነበረው ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ የራሱን የጉዞ መጽሐፍ በዚያው በ1844 አውጥቷል። እንግዲህ ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ ግቢ ሦስት የተለያዩ ምስክሮች አሉን ማለት ነው፤ አንዱ ሲያጋንን ሌላው ያርመዋል። የበርናትዝ ሥዕሎች ዋጋቸው ከፍ ያለው በእነዚህ ጽሑፎች መካከል ስለቆሙ ነው። ንጉሡ አንድ ዓይናቸው ታሞ እንደጠፋ በጊዜው የነበሩ እንግዶች ጽፈዋል። ሠዓሊ የንጉሥን ፊት በየትኛው በኩል እንደሚያዞር መወሰን ነበረበት፤ በጎንና ባንድ ዓይን መሳል ለአጋንንትና ለከሃዲዎች የተተወ በሆነበት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አገር ደግሞ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ስለ ዓይናቸው የተጻፈ ባይኖር ኖሮ ጥያቄውን እንኳ አናስበውም ነበር።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። የቀረጻ ታሪክ ሲነገር አቀናባሪው ሁልጊዜ መሣሪያውን የያዘው ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። በመስቀል በዓል ይደረግ የነበረውን የፈረሰኛ ሠራዊት ትርኢት ሃሪስ በሰፊው ተርኮታል። ያንን ትርኢት ያቀናበረ እንግዳው አልነበረም። እንግዳው የት እንደሚቀመጥ፣ ፈረሰኛው በየትኛው ተራ እንደሚያልፍ፣ ጌጡ በማን ላይ እንደሚታይ የወሰነው የሸዋ ግቢ ነው። የመሣሪያ ድጋፍና የወዳጅነት ውል ይፈለግ በነበረበት ወቅት (ውሉ በዚያው በ1841 መጨረሻ ተፈርሟል) ኃይልን በሚገባ ማሳየት የመንግሥት ሥራ ነበር። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ከተባለ የሸዋ የመጀመሪያው አርት ዳይሬክተር ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ይህንንም ለመናገር የሚያስችለን የሃሪስ ትረካ ነው፤ ሥዕል ብቻውን የታየውን እንጂ ያሳየውን ሰው አይነግረንም።

የአርተር ራምቦ ነገር ደግሞ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ግጥም ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ በ1883 ሐረር ላይ ራሱን ያነሳቸው ጥቂት ፎቶዎች አሉ፤ ደብዘዝ ያሉ ናቸው። ለምን እንደደበዘዙ የምናውቀው ከፎቶዎቹ አይደለም። የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ምስሉ እየነጣ እንዳስቸገረው ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ስለገለጸ ነው። ይህቺ አንዲት የውኃ ወሬ ባትኖር የዛሬ ተመልካች ድብዛዜውን የዘመን ጉዳት ያደርገው ነበር፤ ወይም ሰውየው ባለቅኔ ነውና ምሥጢራዊ ውበት ይሰጠው ነበር። በ1887 መጀመሪያ ይኸው ሰው ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ፣ ከታጁራ ተነስቶ ወራት የፈጀ መንገድ ተጉዞ አንኮበር ገባ። ካሜራውን ቀደም ሲል፣ በ1885፣ ሸጦታል። ምኒልክም መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ስለነበር አንኮበር ላይ አላገኛቸውም። ስለዚህ የሐረሩ ራምቦ ምስልም ጽሑፍም አለው፤ የአንኮበሩ ግን ጽሑፍ ብቻ ነው። ሆኖም የአንኮበሩ ጉዞ ለታሪክ ጸሐፊ ምንም አልጎደለበትም፤ ዕዳው፣ ክርክሩ፣ መንገዱ፣ ምሬቱ ሁሉ ተጽፏል። የሐረሩ ፎቶዎች ከደብዳቤዎቹ ቢነጠሉ ግን ነጭ ልብስ ለብሶ አትክልት መካከል የቆመ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ከማሳየት አያልፉም።

ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው ልጥ ማረፊያ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1870ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከምኒልክ በተሰጠው መሬት ላይ ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። መሪው ኦራትዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ ጣቢያው የቆዩት ሰዎች፣ ከእነሱም ሐኪሙ ሊዮፖልዶ ትራቬርሲ፣ በሸዋ ያነሷቸው ፎቶዎች ሮም በማኅበሩ ክምችት ይገኛሉ። በ1879 አንኮበር የገባውና ከጊዜ በኋላ የምኒልክ የቅርብ አማካሪ የሆነው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ያነሳቸውና የሰበሰባቸው ፎቶዎች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የመስታወት ፕሌት በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ አንኮበር ዳገት ሳይሰበር መድረሱ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ፕሌቱ የመጣበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምስሉ ለምን ጥቂት እንደሆነ፣ ለምን በአብዛኛው መኳንንትን እንደሚያሳይ ይገባዋል። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ግርጌ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ «የሸዋ ወታደር»፣ «አበሻ ሴት»፣ «ቄስ» ከማለት አያልፍም። ወታደሩ ስም ነበረው፤ ጋሻው የራሱ ይሁን የጌታው፣ ለምዱን ለፎቶ ይልበሰው ወይስ ለዘመቻ፣ ያነሳው ሰው ያውቅ ነበር። ቢጽፈው ሁለት መስመር አይሞላም።

ለዚህ አንድ የቆየ መልስ አለ፤ ፎቶ ራሱ ይናገራል ይባላል። ጥሩ ፎቶ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ፎቶ የወደቀ ነው የሚሉ ታላላቅ ባለሙያዎች አሉ። ስለ ውበት ከሆነ እውነት አላቸው። ሚዛኑ የተጠበቀ ፍሬም፣ ከጎን የገባ ብርሃን፣ የሰው ፊት ላይ ያለ ነገር ያለ ቃል ልብ ይነካል። ልብ መነካት ግን ማወቅ አይደለም። የ1894ቱን የኢትዮጵያ ቴምብር ተመልከቱ፤ ፓሪስ ላይ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ቴምብራችን ነው። ምኒልክ ዘውድ ጭነው በጎን ይታያሉ። ምስሉ ራሱ የሚናገር ከሆነ ለአውሮፓዊ ተመልካች «ይህ እንደ ሌሎቹ ነገሥታት በገንዘብና በቴምብር ላይ የሚታይ ንጉሥ ነው» ይለዋል፤ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ እኩያን በጎን ባንድ ዓይን ሲሳሉ እያየ ላደገ የአገር ሰው ግን ሌላ ነገር ሊለው ይችላል። አንድ ምስል ሁለት ሕዝብ ፊት ቆሞ ሁለት የተለያየ ነገር የሚናገር ከሆነ፣ «ራሱ ይናገራል» የሚለው አባባል ለማን እንደሚናገር መጠየቅ አለበት። የውሳኔው ታሪክ፣ ማለትም ማን መረጠው፣ ለማን ታስቦ ተመረጠ የሚለው፣ ከቴምብሩ አይነበብም።

ሌላው ተቃውሞ ከጋዜጠኝነቱ በኩል የሚመጣ ነው። የተቀናበረ ፎቶ ውሸት ነው፤ አርት ዳይሬክተር የገባበት ምስል ማስታወቂያ እንጂ ምስክር አይሆንም፤ ስለዚህ የአቀናባሪን ትዝታ መሰብሰብ የውሸትን ታሪክ መሰብሰብ ነው ይላል። ይህ ክርክር መቀናበርንና መደበቅን አንድ ያደርጋል። አገራችን ውስጥ ሰው ፎቶ የሚነሳው ተዘጋጅቶ ነው። ፎቶ ቤት የሚያውቅ ሁሉ የጀርባውን መጋረጃ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የውሰት ኮትና ከረባት፣ የፕላስቲክ አበባውን ያውቃል። ኮቱ የውሰት መሆኑ ፎቶውን ውሸት አያደርገውም፤ ተነሺው ራሱን እንዴት ሊያሳይ እንደፈለገ ይመሰክራል፤ ኮቱ የውሰት መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ምስክርነቱ ይበልጥ ይጠነክራል። አይዳ ሙሉነህ በ2018 ዳሎል ላይ ስለ ውኃ የሠራቻቸው ፎቶዎች ከራስ እስከ እግር የተቀናበሩ ናቸው፤ ቀለሙ፣ ልብሱ፣ አቋቋሙ፣ ባዶው ሜዳ ሁሉ የታሰበበት ነው። ግን ማንም አልተታለለም፤ ሠሪዋ ምን እንዳደረገች፣ ለማን እንደሠራች፣ የአፍሪቃ ሴት ውኃ ፍለጋ የምትደክመውን ድካም በለመድነው የሰቀቀን ፎቶ ላለማሳየት ለምን እንደመረጠች በግልጽ ተናግራለች። ቅንብሩን የሚያጸዳው ይህ ንግግር ነው። ውሸት የሚሆነው አቀናባሪው ራሱን ከምስሉ ሲሰውር ነው።

የዚህ መጨረሻው ምን እንደሚመስል ሰሜን ሸዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን አይታዋለች። ፋሺስቶች ካሜራን እንደ መትረየስ ያህል ያስቡለት ነበር። በ1924 ሮም ላይ የተቋቋመው የሉቼ ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪቃ ዘመቻ ራሱን የቻለ ክፍል አዘጋጅቶ ፊልም ቀራጮችና ፎቶ አንሺዎች አሰማርቷል። መንገድ ሲሠራ፣ ሕሙማን ሲታከሙ፣ መኳንንት እጅ ሲነሱ ተቀርጿል። በግንቦት 1937 ግራትዚያኒ ባዘዘው መሠረት የጄኔራል ማሌቲ ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸነ፤ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን የተወሰዱት ዲያቆናት ከከተማዋ አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት 129 ዲያቆናትን ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ቁጥሩ ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ያስረዳል። በመሬት ላይ የሆነውን ለማረጋገጥ ያስቻለው ትዝታ ነው፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ያዩትንና የሰሙትን ቦታውን እየጠቆሙ ስለተናገሩ ነው። ፎቶግራፍ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ከ1937ቱ ሸዋ የሚቀረን የመንገድ ሥራና የእጅ መንሻ ሥነ ሥርዓት ነበር። ካሜራ ያልነበረበት ቦታ ሁሉ ያልተፈጸመ ይመስላል፤ ካሜራው የት እንዳልነበረ የሚነግረን ሰው ነው።

በ1960ዎቹ ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ እጅ ገባ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን ሲመሩ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ፈጠሩ፤ በየፖስተሩ ላይ አገሪቱ ምን መምሰል እንዳለባት ወሰኑ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ነው አርት ዳይሬክሽን የምለው። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ኢትዮጵያን ለራሷ ሰው በሚያኮራ መልክ ለዓለም ያሳየ ሌላ የዚያን ያህል የተሳካ ዘመቻ አላውቅም። ግን መፈክሩ ፀሐይ ሲል ደብረ ብርሃን ምን ትሁን? ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣ፣ ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ውርጭ ሜዳውን የሚያነጣባት፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ለፀሐይ ፖስተር አትመችም። አንኮበርም ብትሆን ከቆላው የሚወጣው ጉም ጎብኚውን የሚጠብቅባት አገር ናት። የታሪክ ጉዞው መስመር አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር ሲሆን፣ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የመሠረቷት ደብረ ብርሃንና የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር የመንገድ ዳር ስሞች ሆነው ቀሩ። መፈክሩ ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ የመንገድ፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ጣቢያ ጉዳይ አለበት። ሆኖም የሚያምር ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ይነሳል የሚለው ልማድ ዛሬም የሰሜን ሸዋን ፎቶ ይገዛል። አንኮበር የተቀመጠችው ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ገደል አናት ላይ ነው። የጠዋቱ ብርሃን ከአፋር በኩል ይመጣል፤ ከቀትር በኋላ ተዳፋቱ ቶሎ ጥላ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣ ቡድን የሚደርሰው ጠዋቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሚያነሳት አንኮበር ብዙ ጊዜ የቀትር አንኮበር ናት፤ ጠፍጣፋ፣ ጥላ የሌላት። እዚያ ያደረ ሰው የሚያያት ሌላ አገር ናት። ሥዕልን ለቀለሙ አለርጂ ሲል ትቶ ወደ ፎቶግራፍ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ በአንኮበር ስም የሰየመው ተከታታይ ሥራ አለው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲታይ ፎቶ አንሺው የት አደረ፣ ስንት ሰዓት ተነሳ ብሎ መጠየቅ የሙያ ጥያቄ ነው።

የመንዝ ጓሳን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ክርክሩ ይጎድላል። ከ3,200 ሜትር በላይ በተንጣለለው የጓሳ ሣር ላይ ጭላዳዎች በመቶዎች ሆነው ሲግጡ የሚያሳዩ ፎቶዎች ዓለምን ዞረዋል፤ በ2017 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጡት ከነዚህ የታወቁት ናቸው። ከአንሺዎቹ አንዱ ጄፍሪ ከርቢ ለዓመታት እዚያው የተመላለሰ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ስለሆነ፣ ጭላዳዎቹ ለምን አጠገባቸው እንዳስቀመጡት መረዳት አያስቸግርም፤ ለምደውታል። ፎቶው ብቻውን ግን የሚናገረው የሰው እጅ ያልነካው ምድረ በዳ እንዳለ ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው የሰው ሕግ ስላለው ነው። አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በጊዜው ከፍተው ሲያጭዱና ሲያግጡበት ኖረዋል፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። በ1975 የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴ እንደገና ጥበቃውን አቆመ። አሁን ፎቶውን ተመልከቱት፤ ያው ጭላዳ፣ ያው ሣር ነው፤ ነገር ግን ከፍሬሙ ውጭ ለዘመናት ሣሩን ያለ ጊዜው ያላጨዱ ገበሬዎች አሉ። አንሺው የጓሳን ጠባቂዎች፣ ፈቃድ የሰጡትን ሽማግሌዎች፣ መንገድ የመሩትን ልጆች ሲያወራ ያ ፎቶ የእንስሳ ፎቶ መሆኑ ይቀርና የመንዝ ሕዝብ ፎቶ ይሆናል።

ጠንካራው ተቃውሞ ከትዝታ ባሕርይ ይመጣል። ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲያወራ ያሳምራል። አርት ዳይሬክተሩ የዕድልን ሥራ የራሱ ሐሳብ ያደርገዋል፤ ፎቶ አንሺው ረዳቱን ይረሳል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ጉሙ ይበልጥ ይከብዳል፣ ገደሉ ይበልጥ ይጠልቃል። ሃሪስን ያየ ይህን አይክድም። መልሱ ግን ትዝታን መጣል ሳይሆን ማመሳከር ነው። ኔጋቲቭ ቅደም ተከተል አለው፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደተነሳ ከፊልሙ ጥቅል ይታያል፤ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የአልባሳት ዝርዝር ይገኛል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለሃያ ዓመት ያህል በቤተ መንግሥት ካሜራ ይዞ የሠራው ሽመልስ ደስታ ንጉሠ ነገሥቱንም ደርግንም አንስቷል። ኔጋቲቮቹ ተርፈው ለንደን ላይ ለሕዝብ ሲታዩ ዋጋ ያገኙት አንሺው ራሱ በሕይወት ኖሮ ማን ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ምን እንደተከለከለ ሊናገር በመቻሉም ጭምር ነው። ምስሉ ትውስታውን ይይዘዋል፣ ትውስታው ምስሉን ይፈታዋል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይከሰዋል። ምስክር የማይዋሽ መሆን የለበትም፤ ሊጠየቅ የሚችል መሆን አለበት። የሞተ ፎቶ አንሺ ደግሞ አይጠየቅም።

ከዚህ ጋር የሚቃረን አንድ የዘመኑ ጥያቄ አለ፤ ቀላል ስላልሆነ በችኮላ አላልፈውም። ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከየቦታው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖችን አስጠልላለች። በመጠለያዎቹ የተነሱ ፎቶዎች ላይ ስም፣ ቦታና ሁኔታ ይጻፍ ማለት ተነሺውን ለአደጋ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን መጻፍና ማሳተም ሁለት ነገር ናቸው። ስሙ በዝግ ማስታወሻ ተይዞ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ፎቶው ያለ ስም ይወጣል፤ ጊዜው ሲፈቅድ ተነሺው ወይም ልጁ መጥቶ «ይህ እኔ ነኝ» የሚልበት መዝገብ ይኖራል። ምንም ሳይጻፍ ከቀረ ግን እነዚህ ሰዎች ልክ እንደ ልጥ ማረፊያ ዘመን ወታደር «ተፈናቃይ እናት» ተብለው ይቀራሉ። የመቶ ሠላሳ ዓመት የፈረንጅ ግድየለሽነት እየወቀስን ያንኑ በራሳችን ሰው ላይ መድገም አይገባንም።

ዲጂታል ካሜራ ይህን ችግር ፈትቶታል የሚሉም አሉ። ፋይሉ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሌንሱ፣ አንዳንዴም ቦታው ራሱ ይመዘገባል። ጠቃሚ ነው፤ የአንኮበር ፎቶ በማለዳ ይነሳ በቀትር አሁን መጠየቅ አያስፈልግም። ሆኖም ፋይሉ የሙሽሮቹ ካባ የማን እንደነበረ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ ክሊፕ ለመቅረጽ ማን ፈቀደ ማን ተቆጣ፣ ጭፈራው ላይ ከኋላ የቆሙት የአካባቢው ወጣቶች ስንት ተከፈላቸው የሚለውን አያውቅም። ዛሬ የሚነሳው ፎቶ ከአልፍሬድ ኢልግ ዘመን እጅግ ይበዛል፤ ከአንዱ ፎቶ ጋር የሚቀመጠው የሰው ቃል ግን ከዚያ ዘመን ያነሰ ይመስለኛል። ኢልግ ቢያንስ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት ፎቶ ቤት የነበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቆየ ኔጋቲቭ በሣጥን ካለ ቦታ አጣበበ ብላችሁ አትጣሉት፤ ከልጆቻችሁ አንዱን ጠርታችሁ እያሳያችሁ አስጽፉት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የጋዜጠኝነት ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ወደነዚህ ሰዎች ቢልክ ብዙ በጀት አይጠይቅም። አዲስ የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎችና አርት ዳይሬክተሮችም ከየቀረጻው በኋላ፣ ስሙን፣ ልብሱን፣ ፈቃዱንና ክፍያውን የያዘች አንዲት ገጽ ጽፈው ከፎቶው ጋር ያስቀምጡ። ፎቶ ቤቶቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው፤ ባለቤቶቻቸውም በዕድሜ ገፍተዋልና ሥራው ዘንድሮ ይጀመር።